ቢጫ ነገር የሚፈልገው ሀበሻ

ገዳሪፍ፣ ዓርብ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእታለም፤

እኔ ከናፍቆታችሁ፣ ከገዳሪፍ ትንኝና ከፉል በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማሙሽ፣ ይህን ጮክ ብለህ የምታነበው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። መስመር አትዝለል፤ መስመርም አትጨምር። ባለፈው "ለማሙሽ ጫማ እልካለሁ" የሚለውን ቃል እኔ ሳልጽፈው ከየት እንዳነበብከው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ብዕር ያነሣሁት እማዬ "በኢሞ ስትዋሽ ያምርብሃል፤ ጽፈህ ላክልኝ" ስላለች ነው። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መግቢያ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ በጠፋሁ ጊዜ፣ እሷ ሱባዔ ልትገባ ስትነሣ አባባ "ተዪው፣ ገንዘብ ሲቆጥር ነው" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አባባ፣ በዚሁ አፍ ሒሳቡንም ያስተካክሉልኝ። "ልጄ በቀን ይህን ያህል ኩንታል ሰሊጥ ይመዝናል" እያሉ በዕድር ላይ እንደሚያወሩ ደርሶኛል። የገዳሪፍ ሰው ሰሊጥ የሚመዝነው በቁንጣር ነው፤ ቁንጣር 45 ኪሎ ገደማ ነው እንጂ 100 አይሞላም። ስለዚህ ካወሩት ሀብት ላይ ከግማሽ በላይ ይቀንሱ። የቀረውም የባለመጋዘኑ ነው። የኔ ድርሻ አቧራው ነው፤ እሱን በሙሉ ቁንጣር እወስዳለሁ።

ግን ከብሬያለሁ፤ ይህንንም ጻፍልን ካላችሁ እጽፋለሁ። በሚያዝያ አል በሺር ከወረዱ ወዲህ፣ ወታደሮቹና ሕዝቡ ተጣልተው የኛ ሰዎች መሐል ገብተው ካስታረቋቸው ወዲህ፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሀበሻ መሆን ሹመት ሆኗል። ነሐሴ ላይ ካርቱም ስምምነቱ የተፈረመ ሰሞን ሥጋ ሻጩ እጄን ይዞ "እግዜር ይስጥልን፣ ደም አዳናችሁን" አለኝ። እኔ በዚያ ሽምግልና ውስጥ የነበረኝ ድርሻ መጋዘን ውስጥ ከረጢት መስፋት ነበር፤ ሆኖም "ምንም አይደል፣ ወንድማማች አይደለን" ብዬ ሥጋውን ተቀበልኩ። መሪጌታ ይፍረዱኝ። ስሸኝ "ዮሐንስን የሚያህል ንጉሥ በ1881 የወደቀበትን መተማን አንተ በፌስታል ልብስ ይዘህ ልትሻገረው ነው?" ብለው አልነበር? ይኸው ከመተማ ድልድይ ማዶ፣ ገላባትን አልፎ፣ ዶካን አልፎ፣ በፌስታል የመጣው ልጅ በኢትዮጵያ ስም ሥጋ እየተቀበለ ነው።

ወደ ክረምቱ ልምጣ። እናንተ ጎንደር ላይ ዝናብ አየን የምትሉት ቀልድ ነው። ዝናቡስ የናንተው ይበዛል፤ ጉዱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። የገዳሪፍ ምድር ዓይን እስኪደክም ሜዳ፣ ጥቁር ዋልካ ብቻ ነው። በበጋ ተሰንጥቆ እግር ይውጣል፤ እነሱ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ሲገባ ደግሞ ይላቁጥና መኪና ይይዛል፣ አህያ ይይዛል፣ ሰው ይይዛል። ሐምሌ ላይ የቀኝ እግር ጫማዬን ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ወሰደብኝ። በእጄ እስከ ክንዴ ድረስ ገብቼ ፈለግኩ፤ የለም። አከራዬ ሀጃ "ግራውን ለምን ታስቀምጠዋለህ?" ሲሉኝ "ሲደርቅ ይመልሰዋል" አልኳቸው። እስካሁን አልመለሰም። ማሙሽ፣ ጫማ አማረኝ ካልክ ግራው አለ።

መስከረም ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዝናቡ እንደ አበዳሪ በየቀኑ መምጣቱን ትቶ በአራትም በአምስትም ቀን አንዴ፣ ያውም ማታ ማታ ጎራ ይላል። ሜዳው ሁሉ ማሽላና ሰሊጥ ለብሶ፣ ሶቪየቶች የሠሩት ያ ግዙፍ የእህል ጎተራ ብቻ ከአረንጓዴው መሐል ነጭ ሆኖ ይታያል። አየሩ ይታጠባል። ያን ጊዜ ነው የሰው ሆድ የሚባባው።

የዘመን መለወጫ ዕለት ሐሙስ ነበር፤ እዚህ የሥራ ቀን። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ለአረም ወደ እርሻ ወጥተው ብቻዬን ነበርኩ። ከጠፍር አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች የሉ፣ ችቦ የለ፣ የእማዬ "ተነሡ እንጂ! ዘመን ተለውጦ ትተኛላችሁ?" የለ። እንኳን አደረሰህ የሚለኝ ባጣ ለራሴ ጮክ ብዬ "እንኳን አደረሰህ" አልኩ። አማርኛው በዚያ ግቢ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ተነሥቼ ወደ ሀጃ አህያ ሄድኩና "እንኳን አደረሰሽ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ገለባዋ ተመለሰች። በዓል በመጣ ቁጥር ከቤት ሰው የማገኘው መልስ ይኸው ስለሆነ፣ ቤቴ ያለሁ መሰለኝና ሆዴ ጸና።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ። አየሽ እታለም፣ ጥፋቱ ሁሉ የአደይ አበባ ነው።

ከመጋዘኑ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። አንድ ቀን ጠዋት ሻይዬን እየጠጣሁ "በዚህ ወር ብቻ ከመሬት የምትወጣ ትንሽ ቢጫ አበባ ታውቂያለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ለምንህ?" አለች። "ለበዓላችን። እሷ ከሌለች ዓመቱ የገባ አይመስለንም" አልኳት። የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ጎንደር ላይ ይህን ቃል ብናገር ሰው እስከ ማታ ይረሳዋል። ገዳሪፍ ላይ ግን ሻይ ሻጭ ጋ የተቀመጠ ቃል ከዐሥር ሶላት በፊት ጥምጥም አስሮ፣ በትር ይዞ በገበያው ይዞራል።

መጀመሪያ የመጡት ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስገባ በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንዷ የባሚያ አበባ ይዛለች፤ ቢጫ ናት፣ ግን አፏን ስትከፍት ውስጧ ጠቁሯል። ሌላው የሉፋ አበባ። ሌላው የዘይት ጀሪካን ክዳን፤ "ይህም ቢጫ ነው" አለኝ፤ አልተከራከርኩም። በመጨረሻ አንድ ጉብል እጁን በሸሚዙ ሸፍኖ ቀረበና ገለጠው፤ ጫጩት! "አበባ ነው እኮ ያልኩት" ስለው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ፤ "ትንሽ ነው፤ ቢጫ ነው፤ የወጣውም በዚህ ወር ነው።" እታለም፣ ይህን ልጅ መሪጌታ ቢያገኙት ቅኔ ቤት ሳያስገቡት አይመለሱም። መልስ አጥቼ ቆሜ ሳለ የጫጩቷ እናት ክንፏን ዘርግታ መጣች። ክርክሩ በዚያው ተቋረጠ፤ ክንዴ ላይ ያለውን ጭረት ለእማዬ "በሥራ ላይ ያገኘው ነው" በሉልኝ።

ወሬው ግን ልጆቹ ጋ አልቆመም። ከሻይ ሻጯ ወደ ጋሪ ነጂው፣ ከጋሪ ነጂው ወደ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሱ ወደ እህል ገበያው ሲሸጋገር መንገድ ላይ "አበባ" የምትለው ቃል ወደቀች። የተረፈው "ሀበሻው ትንሽ፣ ቢጫ፣ በዚህ ወር ከመሬት የምትወጣ ነገር ይፈልጋል" የሚለው ነው። አገሩ ደግሞ ወርቅ ያበደበት አገር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እርሻውን ጥሎ ወርቅ ልፈልግ ብሎ ወደ ቡጣና ሜዳ ያልወጣ ጎረምሳ ጥቂት ነው። ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ወርቁ ብቅ ይላል ብለው ያምናሉ። እንግዲህ አስቢው።

ማታ ከኢሻ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጥምጥሙ እስከ ቅንድቡ፣ በጨለማ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት የእኅቱ ልጆች፣ አንዱ አካፋ አንዱ ፔርሙዝ የያዙ። ራሱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን አቅፏል። ጂሃዝ ይሉታል፤ ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ነው። ግራ ቀኝ ተመልክቶ "ሲሶ ላንተ፣ ሲሶ ለኔ፣ ሲሶ ለባለ መሬቷ" አለኝ በሹክሹክታ።

"የምን ሲሶ?"

"የቢጫው።"

"ወንድሜ፣ እኔ የፈለግኩት አበባ ነው።"

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ጠቀሰኝ። "አዎን፣ አበባ ነው። ጥሩ ነው፤ ለሌላም ሰው እንዲሁ በል።"

ሀጃ በድምፁ ወጡ። መጀመሪያ ጮኹበት፤ በሌሊት የሰው ግቢ፣ መበለት ቤት፣ አታፍርም፣ እናትህን አውቃታለሁ። ሰውዬው ሁሉንም ታግሶ ሰማና "ሲሶ ላንቺ" አለ። ሀጃ ዝም አሉ። ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ለሠርግ የሚለብሱትን ቶብ ተከናንበው ነበር።

ፍለጋው ተጀመረ። ባለ ጂሃዙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ግቢውን ከጥግ ጥግ ያጥናል፤ በዕጣን ፋንታ በዚያ ብረት ምጣድ። እኛ ትንፋሽ ይዘን እንከተለዋለን፤ አህያዋም ትከተላለች። ጮኸ። ቆፈሩ። ምስማር። ደግሞ ጮኸ። የሰርዲን ጣሳ። ሀጃ "ከጣሳ በታች ይቀበራል፤ ሰው እንዳይጠረጥር" ብለው አጽናኑን። ከዚያ የውኃ ማሰሮው ከሚቀመጥበት ጥላ ሥር ሲደርስ መሣሪያው አበደ። ሰውዬው ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ጣለ። በዚህ መሐል የጎረቤታችን የሀጁ ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ "ማሰሮው የተደገፈበት ግድግዳ የጋራችን ነው፤ ሲሶው አራት ይሁን" አለ። ሲሶ እንዴት አራት እንደሚሆን ልንገራቸው አልኩና ተውኩት፤ የአባባን ኩንታል አስታውሼ።

እስከ ጉልበት ተቆፈረ። አካፋው "ቃ!" አለ። ሁሉም ጸጥ። ሀጃ ቢስሚላህ እያሉ ተንበረከኩ። ባለ ጂሃዙ በእጁ ገብቶ አፈሩን ጠረገ፣ ጎተተ፣ አወጣ።

በራድ! የሀጃ የሻይ በራድ።

እታለም፣ ታስታውሺ እንደሆነ በረመዳን "አከራዬ በሌላ በሌላ ነገር ተቀይመውኛል" ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያ ሌላ ነገር ይህ በራድ ነው። ጠፋ፤ ሀጃ ደግሞ "ሀበሻው ለመተማ ነጋዴ ሸጦብኛል" ብለው ለግማሽ ከተማ ነገሩ። ከዚያ ወዲህ የማታ ሻይ ተቋርጦብኝ በውኃ ነው የከረምኩት። አሁን ከነጭቃው፣ ጎኑ ተጨፍልቆ፣ ጡቱ ተጣሞ በሀጃ እጅ ላይ ተቀምጧል። ሁላችንም ቀስ ብለን ዞረን የልጅ ልጃቸውን በዓይናችን ፈለግነው። አልነበረም። መስጊድ ሄዶ ነበር። የዚያን ሌሊት ያን ያህል የሰገደ ሰው ገዳሪፍ ውስጥ እንዳልነበረ ኢማሙ ራሳቸው መስክረዋል።

እዚህ ላይ ያልቃል ብለሽ ይሆናል። ባለ ጂሃዙ ሲሶዬን አለ።

"የምኑን?" አሉ ሀጃ።

"የበራዱን። ውል ውል ነው።"

ጡቱን ልስጥህ፣ አይ ክዳኑን፣ ሆዱ የኔ ነው፣ ግድግዳው የጋራ ነው፤ ሌሊቱ ሊጋመስ ደረሰ። በመጨረሻ ሀጁ ፈረዱ። በራዱ በአመድ ታሽቶ ይታጠብ፣ ሻይ ይፈላበት፣ ሁሉም ድርሻውን ጠጥቶ ይሂድ። ተፈላ። ትንሽ ትንሽ ዋልካ ዋልካ ቢልም ጠጣነው። ሀጃ ይቅርታ አላሉኝም፤ ሊሉኝም አይችሉም፤ ከእማዬ ጋር ከአንድ አፈር የተቦኩ ናቸው። ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ፣ ሽማግሌው ሀጁ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ፣ ለኔ ሰጡኝ። ሀጁ ብርጭቆውን በዓይናቸው እስከ ከንፈሬ ሸኙትና "ይገባዋል" አሉ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማታ ማታ ከሀጁ ጋር ተቀማጭ ሆኛለሁ። ሰውዬው ከዐሥር ሶላት በኋላ አልጋቸውን ከበር ውጭ ያወጡና እስከ መግሪብ ይቀመጣሉ። ሬዲዮ የለ፣ ስልክ የለ፣ ወሬ እንኳ ብዙ የለ። አንድ ቀን "ሀጅ፣ ምን እየሠሩ ነው?" አልኳቸው። "ኸሪፉ ሲሄድ እየሸኘሁት ነው" አሉኝ። ግቢያችን ካሉት ልጆች አንዱ የእርዳታ ድርጅት ዘበኛ ነው፤ ሥልጠና ወስደው ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን አድምጡ፣ አሁን ያላችሁበትን ቅጽበት ኑሩት ተባሉ፤ አበልም ተከፈላቸው። ሀጁ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ አበል ሳያገኙ ይህንኑ በየማታው ያደርጉታል። እኔም መቀመጥ ለመድኩ። መጀመሪያ እግሬ ይበላኝ ነበር፤ አሁን ፀሐይዋ በማሽላው ላይ ስትወርድ፣ ፌንጣው ሲጀምር፣ ከርቀት የመጨረሻው ደመና ወደናንተ ወደ ደጋው ሲሸሽ አይቼ ነው የምገባው። ሲያልፍ "ለጎንደር ሰላም በልልኝ" እለዋለሁ። ልብስ ካሰጣችሁበት ቀን ከዘነበባችሁ የኔ ሰላምታ ነው።

መሪጌታ፣ ሀጁን ባገናኝዎ ሁለታችሁም ወደ ቤት አትገቡም። እርስዎ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፣ ከማግስቱ መጸው ነው ይሉ የለም? ሀጁ ደግሞ ኸሪፉን በዓይና ይቆርጡታል፤ አንዱ ዓይና 13 ቀን ገደማ ነው፣ እያንዳንዱ የኮከብ ስም አለው። ደራዕ፣ ነተራ፣ ጠርፋ፣ ጀብሃ፣ ኸርሳን፣ ሰርፋ፣ ዓዋ፣ ሲማክ። የትኛው ዓይና ላይ ሰሊጥ እንደሚዘራ፣ የትኛው ላይ ዝናቡ ክፉ እንደሆነ፣ የትኛው ላይ ደግሞ ደመናውን ብትለምነው እንደማይሰማህ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አሁን ዓዋ ወጥቶ ሲማክ እየገባ ነው ይላሉ፤ የእርስዎም ክረምት ሊወጣ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ዘመን ቆጠራ በማያገናኛቸው በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ከሁለት ቀን የበለጠ ልዩነት የለም፤ ተስማምታችሁብኛል። ዘመነ ጽጌም የሚገባው ሰኞ ነው። የእመቤታችን ስደት በአበባ ወር መታሰቡን እያሰብኩ "ስደተኛ ሆኖ አበባ ይፈልጋል" ብሎ የሚስቅብኝን እርስዎ ይመልሱልኝ። ማኅሌቱ ላይ ሲቆሙ አንድ እግር ለኔም ይቁሙልኝ፤ ግራውን፣ ጫማ ያለበትን።

ሀጁ የሚያወሩ ቀን ደግሞ ያወራሉ። እንግሊዞች በፈረንጅ 1944 ቀደምበሊያ ላይ ትራክተር አስገብተው፣ በጦርነቱ ጊዜ ለወታደር ቀለብ ማሽላ ማረስ እንደጀመሩ፤ አሁን የምታዪው ማለቂያ የሌለው እርሻ ከዚያ እንደተወለደ። "ያን ጊዜ እዚህ ሁሉ ግራር ነበር፤ ከግራሩ ሥር ጥላ ነበር" ይላሉ። ይህን ሲሉ ብቻ ድምፃቸው ይወርዳል። ከዚያ "ሻይ ያ በራድ ላይ ነው ወይስ በሌላው?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ሀጃ ይሰድቧቸዋል፤ ነፍሳቸው ትመለሳለች።

የመስቀሉንም ልጨርስ። የደመራ ዕለት ዓርብ ዋለ፤ ልጆቹም ከእርሻ ገቡ። የአምናውን የማሽላ አገዳ ሰብስበን ግቢ ውስጥ ደመርን፤ ሀጃ "ቤቴን ካቃጠላችሁ" እያሉ በባልዲ ውኃ አጠገቡ ቆሙ። አበባ የለውም ብለን ሳለ ከባለ ጂሃዙ የእኅት ልጆች አንዱ፣ የጭነት መኪና ረዳት የሆነው፣ ትከሻው ላይ ግንድ የሚያህል ነገር ተሸክሞ ገባ። የሱፍ አበባ! ከትልቅ እርሻ ለምኖ ያመጣው፣ ቁመቱ ቁመቴን የሚያህል፣ ፊቱ ሰፌድ የሚያህል። "ያንተ ትንሽ ነች ብለሃል፤ ይህ እስከሚቀጥለው ዓመት ይበቃሃል" አለኝ። ጫፉ ላይ አሰርነው፤ ደመራው አንገቱ ጎበጠ። እሳቱን ከመለኮሳችን በፊት ሀጃ "ይህን የሚያህል ምግብ አታቃጥሉም" ብለው አስፈቱት፤ ለዘር አስቀመጡት፤ ሌሊት ፍየሏ በላችው። ደመራው ደግሞ ወደ ሀጃ ጓዳ አቅጣጫ ነው የወደቀው። ትርጉሙን መሪጌታ ይጻፉልኝ፤ ሀጃ "ጥጋብ ነው" ብለው ፈትተውታል፤ እኔ ግን የኪራይ ጭማሪ ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ይህ ማታ ማታ መቀመጥም የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነው። ሰሊጡ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይዘራል። ስለዚህ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ሀጁም፣ ባለመጋዘኑም፣ ባለ ጂሃዙም ሳይቀር አጫጅ ፍለጋ ይሮጣሉ፤ ከኛ በኩልም በመተማ መንገድ ሳሉግ የምንለው የቀን ሠራተኛ በጭነት መኪና እየተሞላ ይወርዳል። ከሰፈራችን የሚወርድ ካለ አጎበር ሳይይዝ እንዳይነሣ ንገሩት፤ ትንኙ ወባ አለው፣ በግራሩና በስንጥቁ መሬት አካባቢ ያለችው አሸዋ ዝንብ ደግሞ ካላዛር ታመጣለች። እማዬ፣ እኔ በአጎበር ነው የምተኛው። ይህ በኢሞ የተነገረ አይደለም፤ በጽሑፍ ነው።

እማዬ ደግሞ የላከችው ጋቢ ደርሷል። ቀን ቀን ምድጃ ላይ የተጣድን ያህል በሚያልበን አገር ጋቢ! አልጣልኩትም። ሚዛኑ ላይ ስቆም ከእግሬ በታች አነጥፈዋለሁ፤ ባለመጋዘኑ "የሀበሻ ምንጣፍ" ይለዋል። ጥር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል ይላሉ፤ ያን ጊዜ እለብሰዋለሁ። እታለም ደግሞ "ዓረብኛ ስታወራ አፍህ ይጣመማል" ያልሽኝን ለሀጃ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ "አማርኛ ሲያወራ አይተሽው አታውቂም ማለት ነው" ብለውሻል። አንቺና እሳቸው ብትገናኙ እኔ የምገባበት አጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌር እሑድ ጎንደር ይገባና ረቡዕ በማለዳ ወደ መተማ ይመለሳል። በርበሬውንና ሽሮውን ሁለት ሁለት ላስቲክ አድርጋችሁ ቋጥሩት፤ ባለፈው ፈስሶ የሹፌሩን ጋቢና ለሳምንት ሲያስነጥስ ከርሟል። ጋቢ አትላኩ። ለሀጃ አንድ የሸክላ ጀበና ጨምሩ፤ ክዳኑን ለብቻው ጠቅልሉት። እስከ ማክሰኞ ማታ ካላደረሳችሁለት ሰውዬው አይጠብቅም።

ወንድማችሁ፣
ከገዳሪፍ